የቀበሌው እሺታ የእናትየዋ እሺታ አይደለም

ሰሞኑን አንድ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ክፍል ለመመረቂያ ጽሑፍ ወደ መስክ ለሚወጡ ተማሪዎቹ አዲስ አሠራር አበጅቷል። የጥናት ተሳታፊዎች እንዳይጎዱ ጥናቱን አስቀድሞ የሚገመግመው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ከዘገየባቸው የትብብር ደብዳቤ ይዘው ወደ ወረዳ ይሂዱ፤ ወረዳው ወደ ቀበሌ ይምራላቸው፤ ቀበሌው ሰው ይጥራላቸው ተባለ። ማሳመኛው ደግሞ ይህ ነው፦ «መጠይቅ እኮ ደም አይቀዳም፤ ማንን ይጎዳል?»

ማንን እንደሚጎዳማ ግልጽ ነው። ባሏ የሚደበድባትን ሴት ጎረቤቶቿ በተደረደሩበት ግቢ «ባልሽ መትቶሽ ያውቃል?» ብላችሁ ትጠይቁና ወረቀታችሁን አጥፋችሁ ትሄዳላችሁ። እሷ ግን ማታ ወደዚያው ቤት ትገባለች። ይህንን ጉዳት ለማየት መርፌ ያስፈልጋል?

ከሁሉ ይልቅ የሚያንገበግበኝ «ቀበሌው ሰው ይጥራላቸው» የምትለዋ ናት። ለሁለተኛ ዲግሪዬ መረጃ ስሰበስብ የኮሚቴ ፈቃድ ኖሮኝ እንኳ እኔም እንዲሁ አድርጌአለሁ። ደብዳቤዬን ባሳየሁ ማግስት እናቶች ከማለዳ ጀምሮ የቀበሌው ግቢ ውስጥ ተቀምጠው ጠበቁኝ። የመጀመሪያዋ እናት መታወቂያቸውን ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው አወጡ። ከስምምነት ቅጹ ሁለት መስመር ሳላነብ አውራ ጣታቸውን ወደ ቀለሙ ሰደዱ።

«ቆይ እናቴ፣ ልጨርስልዎት፤ ካልፈለጉ መተው ይችላሉ» አልኋቸው።

ደነገጡ። እኔን ትተው በሩ ላይ የቆመውን ሊቀመንበር አዩና «ምን አጠፋሁ ልጄ? ከሴፍቲኔቱ ልትሰርዙኝ ነው?» አሉ።

ለእኔ ጥናት አልነበረም የመጡት። የሴፍቲኔት ስም ዝርዝሩም፣ ማዳበሪያውም፣ የድጋፍ ደብዳቤውም የሚያልፈው በዚያው በጠራቸው ሰው እጅ ነው። ለእሱ እምቢ ማለት ለዓመት ቀለብ እምቢ ማለት ነው። ታዲያ በእሱ ፊት የተጫነ አሻራ የምን ስምምነት ነው? በሰዎች ላይ ለሚደረግ የሕክምና ምርምር የሥነ ምግባር መመሪያ የሆነው የሄልሲንኪ መግለጫ ተሳታፊው የሐኪሙ ጥገኛ ከሆነ ፈቃዱን ከዚያ ግንኙነት ነጻ የሆነ ሌላ ሰው ይጠይቀው ይላል። የቀበሌ ጥገኝነት ከሐኪም ጥገኝነት ይቀላል የሚል ካለ ገጠር ኖሮ አያውቅም። በአላባማዋ ተስኪጊ ከ1932 እስከ 1972 እ.ኤ.አ. ቂጥኝ ያለባቸው ጥቁር አሜሪካውያን ሳይታከሙ የተጠኑት በነጻ ሕክምናና በትኩስ ምግብ ተስፋ ተጠርተው ነው። ማንም በጠመንጃ አልነዳቸውም። ተስፋ አድርገው መጡ።

ኮሚቴዎች ይዘገያሉ፤ እውነት ነው፤ እኔም ወራት ጠብቄአለሁ። መድኃኒቱ ገምጋሚ መጨመርና ቀላል ጥናቶችን ሙሉ ጉባኤ ሳይጠብቁ በጥቂት አባላት ማየት ነው። የኮሚቴውን ዕዳ እኚያ እናት የሚከፍሉበት ምክንያት የለም።

በጽሑፌ ላይ «ተሳታፊዎች በሙሉ በፈቃዳቸው ተሳትፈዋል» ብዬ ጻፍሁ። ፈታኞቼም አለፉት። ያ ዓረፍተ ነገር ውሸት ነበር። አሁን ትምህርት ክፍሉ ያንኑ ውሸት አሠራር አድርጎ ለተማሪዎቹ እያስያዛቸው ነው። ተማሪዎቹ ከመውጣታቸው በፊት ውሳኔውን ይሻር። ቤት ለቤት ይሂዱ፤ ሊቀመንበሩን ከበሩ ያርቁ፤ ቅጹን እስከ መጨረሻው ያንብቡ፤ «አልፈልግም» ያለቻቸውን አመስግነው ይውጡ።