የ50 ኪሎው ሲሚንቶ

የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ስለ ኤርጎኖሚክስ፣ ማለትም ሥራን ከሰው አካል ጋር ስለማስማማት ይሠልጥኑ የሚለውን ጽሑፍ ከልቤ ወድጄዋለሁ። እኔ የተማርኩት ሲቪል ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ምሰሶ ምን ያህል ጭነት እንደሚችል ስናሰላ ኖርን። የሰው ወገብ ስንት እንደሚችል ግን ማንም አልነገረን። ሳይት ስወጣ የቀን ሠራተኞች 50 ኪሎ ሲሚንቶ ተሸክመው ፎቅ ሲወጡ አየሁ። በጣም ነው ያመመኝ። የአሜሪካው የሥራ ደህንነት ተቋም ናዮሽ እ.ኤ.አ. በ1991 ባሻሻለው ቀመር፣ ሁሉ ነገር በተመቻቸበት እንኳ በእጅ ለማንሳት የሚመከረው ጣሪያ 23 ኪሎ ነው። ዕቃው ከሰውነት ሲርቅ ወይም ወገብ ሲጠመዘዝ ደግሞ ይቀንሳል። ስሌቱ 23ን ለእንዲህ ያሉ ሁኔታዎች በተሰጡ ቁጥሮች ማባዛት ብቻ ነው፤ ለማስተማር አንድ ከሰዓት ይበቃዋል። እባካችሁ፣ ስለ ወንበርና ኮምፒውተር ብቻ አታስተምሯቸው። ሳይት ውሰዷቸውና ከረጢቱን ራሳቸው ያንሱት።