ስለ አላህ ስለ ማርያም፣ ወሎ ውስጥ ደንቆሮ በሚባለው ጫካ እሳት አታንድዱ፣ ውሻም አታስገቡ!

ኧረ እናንተዬ፣ እስከ መቼ ነው እንዲህ የምንቀጥለው? ከደሴና ከኮምቦልቻ ተነስቶ፣ በአቀስታ በኩል መካነ ሰላም ድረስ አቧራ ቅሞ የሚሄድ ሰው ጫካውን ለማየት ከሆነ እሰየው። ግን ፎቶው ሲለጠፍ የሚታየው አስታ (የደጋው ቁጥቋጦ ዛፍ) ሥር የተጠበሰ በግ፣ ዛፍ ላይ የተሰቀለ ስፒከር፣ ከልጆቹ ኋላ የሚሮጥ ውሻ ነው። የተጠበቀ ደን ነው፣ ፓርክ ነው! ወሎ ውስጥ እንዲህ ያለ ደን ስንት ቀረ?

እሳቱ ያንገበግባል። አስታ አረንጓዴ ሆኖም ይነዳል። ከሥሩ የተከማቸው ብስባሽ ደግሞ ውሃ አፍስሳችሁ "ጠፋ" ያላችሁትን ፍም ደብቆ ያቆያል፤ ውስጥ ለውስጥ ሲጨስ አድሮ፣ እናንተ ቤታችሁ ከገባችሁ በኋላ ነፋስ ሲያገኝ ይነሳል። በበጋ ወራት ከጥዱና ከኮሶው ላይ የሚንጠለጠለው የዛፍ ሽበት እንደ ጥጥ ስለሚደርቅ ብልጭታ ይበቃዋል፤ እሳቱም በእሱ ተንጠላጥሎ ጫፍ ይደርሳል። አስታ አንዴ ቢቃጠል ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ሳይጠነክር ከተደገመበት ግን ጉቶውም ይሞታል። ቡናችሁን ከተማ አፍልታችሁ በፔርሙዝ ያዙ። ስንቁ ቆሎ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ ይሁን፤ ውሃ ለአንድ ሰው ቢያንስ 2 ሊትር። ለአንድ ቀን ጥብስ ቢቀር ማን ይሞታል?

ውሻውስ? ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው ያለው፤ ለአካለ መጠን የደረሰው ተቆጥሮ 500 አይሞላም። ከውሻ ተጋብቶበት የውሻ እብደት ከያዘው መድኃኒት የለውም። ቀበሮ የሚኖረው በቤተሰብ ነው፣ ጠዋትና ማታ እየተላላሰ ሰላም ይባባላል፤ ስለዚህ አንዱ ከታመመ ለሌሎቹም ይተርፋል። በ1996 ዓ.ም. ባሌ ተራሮች፣ ወብ ሸለቆ የገባው በሽታ ከአራት ቀበሮ ሦስቱን ያህል ፈጅቷል። የኛዎቹ የደንቆሮ ቀበሮዎች ጥቂት ናቸው፣ እንዲያ ያለ ነገር ቢመጣ ምን ይተርፋል? "የኔ ውሻ ተከትቧል" የሚለውም መልስ አይሆንም። የእብደት ክትባት ሌላውን የውሻ በሽታ፣ ዲስቴምፐር የሚሉትን፣ አይከላከልም። እሱም ቀበሮ ይገድላል።

ስፒከሩንም እንዲሁ ተዉት። ቀበሮ ቀን የሚያድነው አይጦቹ ቀን ስለሚወጡ ነው። ጩኸትና ኮቴ ሲበዛ አይጡ ጉድጓዱ ይገባል፣ ቀበሮውም ሳይበላ ይውላል። እናንተም ምንም ሳታዩ ትመለሱና "ባዶ ጫካ ነው" ትላላችሁ፣ ይሄ ደግሞ ጫካውን መጥፎ ስም ያሰጠዋል። ማየት የፈለገ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ጓሳው (ረጅሙ የደጋ ሣር) ዳር ይድረስ፤ በስካውቱ፣ በፓርኩ ጠባቂ ኋላ በአንድ መስመር ይሂድ፣ ዝም ብሎ ይቀመጥ። ጎን ለጎን እያወጋችሁ ስትሄዱ መንገዱ ይሰፋል፤ በክረምት የተረገጠ ጓሳ ሥሩ ይላቀቅና አፈሩን ጎርፍ ይወስደዋል። ከሰኔ እስከ መስከረም ባትሄዱ ይሻላል፣ ጭቃውም ጉሙም አያሳያችሁም።

ጭላዳ ሣር በል ነው፣ ሙዝና ዳቦ አትወርውሩለት። ከሰው እጅ የለመደ ጭላዳ ነገ ገበሬው ማሳ ይወርዳል፤ በድንጋይ የሚወገረው እሱ ነው፣ አስለማጁ ደሴ ገብቷል።

አንድ ደስ የማይል ነገርም አለ፣ ሶፍትና ሰገራ። ምንጩ ሥር ከብት የሚያጠጣ፣ እንስራ የሚሞላ ሰው አለ። ከውሃው 60 እርምጃ ራቁ፣ አንድ ስንዝር ቆፍሩ፣ መልሳችሁ ድፈኑ፤ ሶፍቱን በፌስታል ይዛችሁ ውጡ። በሳሙናም ምንጭ ውስጥ አትታጠቡ፣ በጆግ ቀድታችሁ ራቅ ብላችሁ አፍስሱ።

ለሚቀጥለው ሳምንት መኪና የያዛችሁ ካላችሁ፣ ከሰልና ማገዶውን አራግፉ፤ ውሻውን ለጎረቤት አደራ ስጡ።