«የሕዝብ» አትበሉኝ

ያገሬ ሰዎች፣ ዛሬ ማሲንቆዬን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ነው የማናግራችሁ። በማሲንቆ ስነግራችሁ ሳቃችሁ፣ አጨበጨባችሁ፣ ግንባሬ ላይ ብር ለጠፋችሁ። የሰማችሁኝ ግን አልመሰለኝም።

ከአርባ ዓመት በላይ ዘፍኛለሁ። ጎንደር ዙሪያ በሠርግ ጀመርኩ። በደርግ ጊዜ የቀበሌ ኪነት ውስጥ ገባሁ (ማን ፈቃዴን ጠይቆኝ!)። ከዚያ አዲስ አበባ፣ ካዛንችስ አዝማሪ ቤት። ሰፈሩ በ2017 ሲፈርስ ወደ ሠርግና ክርስትናዬ ተመለስኩ። የኔ ታሪክ ይኸው ነው። የግጥሞቼ ታሪክ ነው ረጅሙ።

አንድ ቀን ከመገናኛ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሹፌሩ ዘፈን ከፈተ። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ልቤ ቀጥ አለ። የኔ ነው። ደብረ ታቦር፣ እናቱን ባጣ በዓመቱ ላገባ አንድ ሙሽራ፣ እዚያው ድንኳን ውስጥ ቆሜ የገጠምኩት። «ይሄ እኮ የኔ ነው!» አልኩ ሳላስበው። ረዳቱ ሳቀ። «ፋዘር፣ ይሄ የሕዝብ ነው» አለኝ። ካሴቱን ፈልጌ ገዛሁ። ልጁ አልዋሸም። «ግጥምና ዜማ፦ የሕዝብ» ይላል።

ሕዝብ እናንተ ናችሁ አይደል? እስቲ ንገሩኝ፣ ያን ሌሊት ስንኙን ያወጣው ከእናንተ ማን ነው? ሕዝብ ተሰብስቦ ግጥም ሲገጥም አይቼ አላውቅም። ሕዝብ «ተቀበል!» ይላል። ይቀበላል። ከወደደው ያዛምተዋል፣ አንዳንዴም ያሳምረዋል። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፣ አልክድም። የመጀመሪያውን ስንኝ ግን አንድ ሰው ነው ያማጠው።

እንዴት መሰላችሁ? ድንኳን እንደገባሁ አንዱን ሽማግሌ በጆሯቸው እጠይቃለሁ። ያቺ ጥቁር የለበሰችው ማን ናት? ያ ጥግ የያዘው ሰውዬ ለምን አኮረፈ? ከዚያ ማሲንቆውን እየቃኘሁ፣ ጭራውን እጣን እያስነካሁ፣ የሰማሁትን ሆዴ ውስጥ አዞረዋለሁ። ያለኝ ጥቂት ደቂቃ ነው። ከሳትኩ ሠርግ ይበላሻል፣ ጠብም ሊነሳ ይችላል። ካገኘሁት ግን ያ ያኮረፈው ሰውዬ ተነስቶ እስክስታ ይወርዳል። «ሸልመንህ የለም ወይ?» ትሉኛላችሁ። ሽልማቱ የሌሊቱ ዋጋ ነው እንጂ ስሜን የገዛችሁበት አይደለም።

«ድሮም እንዲሁ ነበር» እንዳትሉኝ ደግሞ። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ከመቶ ዓመት በፊት ጀርመን አገር ድምፃቸውን ሸክላ ላይ ሲያስቀርጹ ስማቸው አብሮ ተቀምጧል። ዛሬም «የተሰማ እሸቴ ነው» እንላለን። አስናቀች ወርቁን ከክራሯ ነጥሎ የሚያስብ አለ? ካሳ ተሰማንስ? እነሱን በስም የምናውቃቸው ሸክላና መድረክ ስላገኙ ነው። ያላገኘው ሁሉ «ሕዝብ» ሆኖ ቀረ።

ከባድ ቃል ነው፣ ግን ልበለው። ጠላት እንኳ በዚህ ከእናንተ ይሻል ነበር። በ1929፣ ከየካቲት 12 በኋላ፣ ግራዚያኒ አዝማሪውን ከጠንቋዩ ጋር እያስለቀመ አስረሸነ። ግጥም ባለቤት እንዳለው ያ አረመኔ ገብቶት ነበር። «የሕዝብ ነው» ብሎ አላለፈም።

አምና አንድ ሠርግ ላይ እንዲህ አልኩ፦

ቤት የለውም ብሎ ጎረቤት ያማኛል፣
የሠራሁትን ቤት ሌላ ገብቶበታል።

ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። አንድ ደግ ሰው ሁለት መቶ ብር እየለጠፈልኝ «አይዞህ፣ ኮንዶሚኒየም ይደርስሃል» አለኝ። ሰሙን ይዞ፣ ወርቁን እዚያው ጥሎት ሄደ። በወሩ የልጅ ልጄ ያንኑ ግጥም ቲክቶክ ላይ አሳየችኝ። ከሥሩ «የጥንት አባቶች ቅኔ» ተብሎ ተጽፎበታል። ጥንት! እኔ ሽሮዬን እየበላሁ።

ሕጉማ አለ። አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራውን ያመነጨው ሰው በስሙ እንዲጠራ፣ መብቱም ከሞተ በኋላ 50 ዓመት እንዲቆይ ይላል። እኔ ግን ፍርድ ቤት ልጎትታችሁ አይደለም። አንተ ስልክ የደቀንክ ልጅ፣ ከመልቀቅህ በፊት «አባባ፣ ስምዎ ማን ነው?» ብትለኝ ምን ይጎድልብሃል? አንተስ ዘፋኙ? ዜማውን ከማን አፍ እንደሰማኸው ታውቃለህ። አላውቅም አትበለኝ፣ ሁለት ጊዜ ቤቴ መጥተህ ቡና ጠጥተሃል። እናንተም «አዝማሪ ነው» ብላችሁ ልጃችሁን የከለከላችሁኝ፣ ስሞት «አንጋፋው አርቲስት» እንዳትሉኝ። አደራ።

እኔስ? እኔም ንጹሕ አይደለሁም። አክስቴ አልቃሽ ነበረች። አባቴ የሞተ ለት ያወጣችውን ዜማ አፍጥኜ የሠርግ ዘፈን አደረግኩት። ዓመታት እንጀራ በላሁበት። የማን ነው ሲሉኝ «ያገር ነው» እል ነበር። አንድ ጊዜ የዘመድ ሠርግ ላይ ከእድምተኛው መሃል ተቀምጣ ሰማችው። ምንም አላለችኝም። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለበሰችና እስክጨርስ ዝም ብላ አየችኝ።

አሁን በሕይወት የለችም። የፊታችን ቅዳሜ ኮተቤ ሠርግ ተጠርቻለሁ፣ ያን ዜማ እዘፍነዋለሁ። ማሲንቆዬን ከመንካቴ በፊት ስሟን ከነአባቷ እጠራለሁ። የምትቀርጹ ልጆች፣ ቪዲዮውን ስታሳጥሩ እሱን እንዳትቆርጡት።