ማይክ ለያዘው ልጅ ዕድሜ ይስጥልን

አሜሪካ ውስጥ ለቲክቶክ ቪዲዮ ማይክ ይዘው መንገደኛ ለሚያስቆሙ ልጆች ዕድሜና ጤና ይስጥልን። እነሱ ባይኖሩ ያ ሁሉ ሕዝብ የገዛ አገሩን መንግሥት እንደማያውቅ ማን ይነግረን ነበር?

ሥራው ቀላል እንዳይመስላችሁ። ፀሐይ ላይ መቆም አለ። ሰው መምረጥ አለ። ቸኩሎ የሚሄደው ይታለፋል፤ አይስክሬም የያዘው ይቆማል። ማይኩ አፉ ሥር ይደቀናል። «ሦስቱ የመንግሥት አካላት እነማን ናቸው?» ሰውየው ሰማይ ሰማይ ያያል። «ፕሬዚዳንቱ... ኮንግረስ... እና... ፖሊስ?» ካሜራው ፊቱ ላይ ይጠጋል። የዳክዬ ድምፅ ይገባል። አለቀ፤ አገር ዳነች። በትክክል የመለሱት የት ደረሱ እንዳትሉ ብቻ። እነሱን ኤዲተሩ ለሕዝብ ጥቅም ሲል ቆርጦ ጥሏቸዋል።

ቲክቶክ የጀመረው ነገርም አይደለም። ኮሜዲያኑ ጄይ ሌኖ በቴሌቪዥን ለዓመታት እንጀራውን በልቶበታል። ምሁራኑም በቁጥር ያግዛሉ። የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲው አነንበርግ ማዕከል በየዓመቱ ሕዝቡን ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2016 ሦስቱንም አካላት የጠራው 26 በመቶው ብቻ ነበር (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ ነው)። ይሄን ሁሉም ሰው ሼር አደረገው። በ2024 ቁጥሩ 65 በመቶ ደረሰ። ይሄን ግን ለማንም እንዳትናገሩ፤ ጨዋታ ያበላሻል።

የጨዋታው ትልቁ ጨዋነት ደግሞ ትልልቅ ሰዎችን አለማስቸገሩ ነው። በ2020 አላባማ ቶሚ ተበርቪልን ሴናተር አድርጋ መረጠች። ሰውየው ገና ቃለ መሐላ ሳይፈጽሙ ለአንድ የአላባማ ጋዜጣ ሦስቱን አካላት ዘረዘሩ፦ የተወካዮች ምክር ቤት፣ ሴኔት እና ሥራ አስፈጻሚ። ሁለቱ ምክር ቤቶች አንድ ኮንግረስ መሆናቸው ተረስቶ፣ ሦስተኛው አካል ፍርድ ቤቱ እዚያው ቀልጦ ቀረ። ምን ችግር አለው? ገብተው የፌዴራል ዳኞችን ሹመት ድምፅ ይሰጡበታል።

አላባማ ለነገሩ ድሮ በፈተና ቀልድ አታውቅም ነበር። ከ1965ቱ የመምረጥ መብት ሕግ በፊት፣ ጥቁር ዜጋ ለመራጭነት ልመዝገብ ሲል ስለ ሕገ መንግሥቱ ይፈተን ነበር። መልሱ ልክ መሆን አለመሆኑን የሚወስነው ነጩ መዝጋቢ ነው። አስተማሪም ሆነ ፓስተር ሊወድቅ ይችላል። ጥራት ማለት ያኔ ነበር!

አሁንም ጥራቱን ለመመለስ እየተሠራ ነው። ስደተኛ ዜጋ ለመሆን የሚወስደውን የዜግነት ፈተና የሚሰጠው መሥሪያ ቤት በአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስቴር ሥር ነው። በ2025 ግንቦት አካባቢ በወቅቱ ሚኒስትር የነበሩት ክሪስቲ ኖም ሴኔት ቀረቡ። ሴናተር ማጊ ሀሰን «ሀቢየስ ኮርፐስ ምንድን ነው?» አሏቸው። ፕሬዚዳንቱ ሰዎችን ከአገር ለማስወጣት ያላቸው ሕገ መንግሥታዊ መብት ነው ብለው መለሱ። ትክክለኛው መልስ፣ የታሰረ ሰው «ለምን ታሰርኩ?» ብሎ ፍርድ ቤት የሚቀርብበት መብት ነው እንግዲህ። ሚኒስትሯ አልወደቁም፤ ፈተናው ግን ከበደ። ከዚያው ዓመት ኦክቶበር 20 ጀምሮ ለሚያመለክት ሰው የጥያቄው ዝርዝር ከ100 ወደ 128 አደገ። ቀድሞ እስከ 10 ተጠይቆ 6 የመለሰ ያልፍ ነበር። አሁን ከ20ው 12 ይፈለግበታል። ማለት፣ ሚኒስትሯ ቢሳሳቱ ስደተኛው ያጥና!

ስደተኛውም ያጠናል። የኛ ሰው ዋሽንግተን አጠገብ ባሉት ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ውስጥ፣ ታክሲ ተራ ላይ፣ ፓርኪንግ ዳሱ ውስጥ ተቀምጦ፣ ዳዊት እንደሚደግም ሰው ይደግመዋል። 435 ተወካዮች። 100 ሴናተሮች። 27 ማሻሻያዎች። ሕገ መንግሥቱ በ1787 ተጻፈ። ዋሽንግተን ዲሲ የሚኖረው ደግሞ አንድ ጥያቄ ይቀልለታል። «የግዛትህን ሴናተር ጥራ» ሲሉት፣ «ዲሲ ሴናተር የላትም» ማለት ነው። ትክክል! ታክስ ይከፍላል፣ ሴናተር የለውም፣ ታርጋው ላይ እንኳን ያለ ውክልና ግብር መክፈሉ እንደ እሮሮ ተጽፎበት ይዞራል። ይህን ሁሉ በደል ሳይሳሳት ስለተናገረ አንድ ነጥብ ይሰጠዋል። እንደዚህ ያለ ደግ መንግሥት የት ይገኛል?

መሐላውን ፈጽሞ፣ ትንሿን ባንዲራ አውለብልቦ፣ ፎቶ ተነስቶ ሲያበቃ፣ ያን የአይስክሬም ቪዲዮ መጀመሪያ ሼር የሚያደርገው ማን መሰላችሁ? እሱ ነው። «እዚሁ ተወልደው! እዚሁ ተምረው!» ይላል፣ ሆዱን ይዞ እየሳቀ። ደግሞ እውነቱን ነው። ፕሬዚዳንት በየትኛው ወር ይመረጣል ቢሉት ከእንቅልፉ ቀስቅሰውትም ቢሆን ኖቬምበር ይላል። ዘንድሮ ትመርጣለህ ወይ ስትሉት ግን፣ ምርጫው ማክሰኞ ነው፤ ማክሰኞ ሥራ አለው።