ማስተካከያ፦ የመላእክቱ ጣራ ያለው ጎንደር ነው

ስለ ደብረ ብርሃን ከተማ ዋና መንገድ ቀደም ሲል ባወጣነው ጽሑፍ፣ በመላእክት ፊት የተሞላውን ጣራ የከተማዋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ነው ብለን ነበር፤ ተሳስተናል። እነዚያ ክንፋቸውን የዘረጉ፣ ዓይናቸው ፈጠጥ ያለ መላእክት በረድፍ የተሳሉት በቀዳማዊ ኢያሱ በተመሠረተው በጎንደሩ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው። የስሙ መመሳሰል ብዙ ሰው ያሳስታል። በዕድሜ ግን የሸዋዋ ደብረ ብርሃን ከተማ ትቀድማለች፦ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ የመሠረቷት በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ብርሃን ከሰማይ ታየ በተባለበት ስፍራ ነው።

የጣርማበርን ዋሻም ከደብረ ሲና ወዲያ አድርገነው ነበር። ከአዲስ አበባ ለሚነሳ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ላይ ናት፤ ቀጥሎ በጣሊያን ጊዜ የተቆፈረው ዋሻ፣ ከዚያ ቁልቁለቱን ወርዶ ደብረ ሲና። ጉም ስለሚበዛ ዋሻው ጋ ሳይደርሱ መብራት ማብራት ይበጃል።