በጣና ዳር ያረጁ ድርብ መስታወት መስኮቶች፦ ይጠገኑ ወይስ ይቀየሩ?

በባሕር ዳር ፊቱን ወደ ጣና ያዞረ አንድ የመኖሪያ ሕንፃ አለ። የአሉሚኒየም መስኮቶቹ ድርብ መስታወት የተገጠመላቸው ሲሆኑ፣ ዕድሜያቸው ገፍቶ በብዙዎቹ ላይ በሁለቱ መስታወቶች መካከል ጭጋግ ገብቷል። ነዋሪዎች መዋጮ ከመሰብሰባቸው በፊት ሁለት የቤት ባለቤቶች ተቃራኒ አቋማቸውን በጽሑፍ አቅርበዋል።

ይቀየሩ

ድርብ መስታወት ማለት ሁለት መስታወቶች ዙሪያቸውን በሚዞር ቀጭን ዘንግ ተራርቀው ጠርዛቸው በማጣበቂያ የታሸገ አንድ አካል ነው። በዘንጉ ውስጥ እርጥበት የሚመጥ ማድረቂያ ይቀመጣል። ማሸጊያው በፀሐይና በዝናብ ብዛት ሲላላ እርጥብ አየር ይገባል፣ ማድረቂያውም ይጠግባል፤ ከዚያ በኋላ የሚታየው ጭጋግ ከውስጥም ከውጭም ቢወለወል አይለቅም። መስታወቱን በስተን እናደርቀዋለን የሚሉ ጠጋኞች አሉ፤ ቀዳዳው እርጥበቱን ለጊዜው ቢያስወጣም የላላውን ማሸጊያ አይመልሰውምና ለዚያ ገንዘብ ማውጣት አይገባንም። ፍሬሞቹም ውጩን ከውስጡ የሚለይ የፕላስቲክ ማገጃ የሌላቸው አሮጌ ዓይነት ስለሆኑ ሙቀትን እንዳለ ያሳልፋሉ። ጎማቸው ደርቋል፣ ማጠፊያቸው ተበልቷል፤ አንድ ጊዜ ወጪ አውጥተን ከነፍሬማቸው ብንቀይራቸው ይሻላል።

ይጠገኑ

ስለ ማሸጊያውና ስለ መብሳቱ የጻፉትን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ፤ ነገር ግን ወንድሜ፣ ከዚያ ተነሥተው ፍሬሙን ወደ መንቀል መድረስዎ አላሳመነኝም። አዲስ ድርብ መስታወት በልኩ አሠርቶ፣ ጎማውን ቀይሮ፣ በነበረው ፍሬም ውስጥ ማስገባት ይቻላል። ፍሬሙ ከተነቀለ ግን ልስኑ ይፈርሳል፣ የግርጌው እብነ በረድ ይሰነጠቃል፣ ግድግዳው እንደገና ይቀባል።

ማገጃ ያለው ፍሬም ዋጋውን የሚያወጣው ቤት ለወራት በማሞቂያ በሚሞቅበት አገር ነው። እኛ የምንቸገረው በፀሐይ ነው። ሐይቁ ከከተማው በስተሰሜን ስለሆነ መስኮቶቻችን ወደ ሰሜን ይመለከታሉ፤ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል የምታልፈው ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜም ለአናት የቀረበች ስለሆነች ከመስኮቱ በላይ አጭር መከለያ ማውጣት ይበቃል።

ይልቁንም ማሸጊያውን ያበላሹትን ሁለት ምክንያቶች ካላስወገድን፣ ፍሬሙ አዲስ ሆነ አልሆነ፣ ጭጋጉ ይመለሳል። የመጀመሪያው በፍሬሙ ግርጌ ያሉት የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎች መደፈናቸው ነው። በበጋ አቧራ ሞላቸው፤ በአንዳንዶቹ ላይ ደግሞ ውሃ ያስገባሉ ተብሎ ሲልከን ተቀብቶባቸዋል። ስለዚህ ክረምቱን ሙሉ የመስታወቱ ጠርዝ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ይከርማል፤ ይህን የሚችል ማሸጊያ የለም። ሁለተኛው ከፍታ ነው። በባሕር ጠረፍ አገር የታሸገ መስታወት 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለችው ባሕር ዳር ሲመጣ፣ የውጩ አየር ግፊት በ19 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ በመካከል የተዘጋው አየር መስታወቶቹን ወደ ውጭ እየገፋ ማሸጊያውን ሌትና ቀን ይወጥረዋል። ግፊቱን የሚያስተካክል ቀጭን ቱቦ ተደርጎለት ከደረሰ በኋላ የሚዘጋ መስታወት ማዘዝ ይቻላል።

ይቀየሩ

እኅቴ፣ ስለ ከፍታው ያነሡት ነጥብ አሳምኖኛል፤ ማንኛውም ግዢ ይህን ማካተት አለበት። ስለ ፍሬሙ ያልኩትን ግን አልተውም። በላይኛው ፎቅ፣ ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስ በሚበረታበት፣ መዝጊያዎቹ ዘመው ከፍሬማቸው ጋር አይገጥሙም። የዚያ አሮጌ ሞዴል ማጠፊያና መቆለፊያ ደግሞ ገበያ ላይ አይገኝም። በማይዘጋ መስኮት ላይ ውድ መስታወት ማስቀመጥ ዝናቡን አያስቀረውም።

ይጠገኑ

የዘመመውን ለይተን እናውጣው እንጂ ስለ እሱ ሁሉንም አንፍረድባቸው። እያንዳንዱ መዝጊያና ፍሬም ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በሁለቱም አቅጣጫ ይለካ፤ ሁለቱ ልኮች ካልተመሳሰሉ ያ መስኮት በእርስዎ ሐሳብ ይቀየር። ልካቸው የተስተካከለ ከሆነ ግን ቀዳዳዎቹ ይጠረጉ፣ ውሃ ተፈስሶባቸው መውጣቱ ይታይ፣ ከዚያ መስታወቱ ብቻ ይታዘዝ። አዲስ አበባ ላይ የሚታሸግ ከሆነም፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ተዘግቶ በዓባይ በረሃ ቁልቁል ወርዶ እንደሚመጣ ሠሪው አስቀድሞ ይነገረው፤ የባሕር ዳር ከፍታም በውሉ ላይ ይጻፍ።