ኳሱ በገዛ ፈቃዱ ተነፈሰ

በማጭበርበር የተጠረጠረ አንድ ቡድን ሰሞኑን ያወጣውን መግለጫ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። «ማጭበርበር» የምትለዋ ቃል አንድም ቦታ የለችም። «ክስተት» አለ፤ «የተፈጠረው ሁኔታ» አለ፤ «ስፖርታዊ ጨዋነት» አራት ጊዜ ተጠርቷል። ግሦቹ ደግሞ ባለቤት የላቸውም፦ ተፈጽሟል፣ ታይቷል፣ ተስተውሏል። ሰዋስው እንዲህ ለክፉ ቀን እንደሚደርስ ትምህርት ቤት ሳለን ማን በነገረን!

ይህን ጥበብ ከልቤ አደንቃለሁ። በ2017 (እ.ኤ.አ.፤ ቀጥሎ ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ) የተጋጣሚው ወርዋሪ ምን ዓይነት ኳስ እንደሚወረውር የሚነገርበትን የእጅ ምልክት በካሜራ እየሰለለ፣ የቆሻሻ በርሜል በመደብደብ ለመቺው ሲያቀብል የነበረ የቤዝቦል ቡድን ነበር። ባለቤቱ በ2020 ጋዜጠኞች ፊት ቀርቦ ድርጊቱ በጨዋታው ላይ ተጽዕኖ አላሳደረም አለ፤ አፍታም ሳይቆይ፣ እንዲያ አላልኩም አለ። ሁለቱንም ሳያልበው!

የልቤ ጀግና ግን ሌላ ነው። በጥር 2015 ለፍጻሜ በሚያበቃ የአሜሪካ እግር ኳስ ጨዋታ የአንድ ቡድን ኳሶች አየራቸው ከደንቡ በታች ሆኖ ተገኘ። ጨዋታው ኳስ በእጅ የሚያዝበት ነው፤ ላላ ያለ ኳስ ደግሞ ለመያዝ ይመቻል። የመልበሻ ክፍሉ ሠራተኛ ከጨዋታው በፊት ኳሶቹን ይዞ መጸዳጃ ቤት ገብቶ 1 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ያህል ቆይቷል። ከወራት በፊት በላከው የስልክ መልእክትም ራሱን «አስተንፋሹ» ብሎ ጠርቷል። መርማሪዎች 243 ገጽ ጽፈው፣ ሆን ተብሎ የተደረገ «ሳይሆን አይቀርም» ሲሉ ደመደሙ። ቡድኑም ወደ 20 ሺህ በሚጠጋ ቃል መለሰ፦ ሰውየው ወፈር ያለ ነው፤ ማስተንፈስ ማለት ክብደት መቀነስ ማለት ነው!

ልብ በሉ። ኳስ ይዞ የገባው እሱ፣ ይተንፍስልኝ ያለው ቦርጩን፤ የተነፈሰው ግን ኳሱ። ጸሎት አድራሻ ሲሳሳት እንዲህ ነው። መጸዳጃ ቤት የቆየበትም ጊዜ አንድ ጨዋ ሰው ጉዳዩን ፈጽሞ፣ እጁን ታጥቦ ለመውጣት ከሚፈጅበት ጋር እንደሚገጥም ተብራራ። እጁን መታጠቡ ሳይቀር! ቅዝቃዜ የአየር ግፊት እንደሚቀንስም በፊዚክስ ሕግ ተነገረ። ይህኛው እውነት ነው፤ ለዚህም ይመስለኛል ማንም ትዝ የማይለው። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ የተነፈሰ ጎማ ባየሁ ቁጥር ባለመኪናውን ስንት ኪሎ እንደቀነሰ መጠየቅ ያምረኛል። ቡድኑ 1 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ። ለማቅጠኛ ትንሽ ይወደዳል።

ደግሞ የውስጥ አጣሪ ኮሚቴ አለ፦ አባላቱ ከቡድኑ፣ ሰብሳቢው ከቡድኑ፣ ደመወዙ ከቡድኑ። የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ። ጥፋቱ ተፈልጎ ተፈልጎ የሚገኘው ከወጌሻው ወይም ከትጥቅ ያዡ ቦርሳ ውስጥ ነው። ከዚያ በላይ ወዳለው ፎቅ የሚወስድ ደረጃ የለም መሰለኝ።

በእነዚህ ሁሉ መግለጫዎች ውስጥ ስሙ የማይነሳ አንድ ሰው አለ፦ የተሰረቀው። በ2004 የአቴንስ ኦሊምፒክ አበረታች መድኃኒት በወሰደ ተወዳዳሪ የተቀደመ አንድ አሎሎ ወርዋሪ ወርቁን የተረከበው በ2013 ነው፤ ያውም አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ፣ ምግብ በሚሸጥበት አዳራሽ። ዘጠኝ ዓመት! ያ ስታዲየም፣ ያ ምሽት፣ ያ መዝሙር በፖስታ አይላክም። ይህን «ክስተት» የሚል አፍ ሊያፍር ይገባዋል። ስርቆት ነው። የሰረቀም ሌባ ይባላል፤ መለያው የፈለገውን ቀለም ይሁን።

ይቅርታ፣ ስፖርታዊ ጨዋነት ጎደለኝ። ወደ መግለጫው ልመለስ። የመጨረሻው መስመር «አሁን ትኩረታችን በቀጣዩ ጨዋታ ላይ ነው» ይላል። ትጥቅ ያዡ በገዛ ፈቃዱ ለቅቋል። በምትኩ ሰው ይፈለጋል፤ ከወዲሁ ቀጭን የሆነ ቢያመለክት ይመረጣል።